ሁለት ምርጫ ብቻ ሰጥተውህ «ራስህ ነህ የመረጥከው» ሲሉህ፣ መረጥክ ይባላል?

ሰልፍ_ጠባቂ | ሰኞ ማታ 1:50

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ስንጨርስ የትምህርት ክፍል መምረጫ ፎርም ሞላን። እኔ ልቤ ያለው ኮምፒውተር ሳይንስ ላይ ነበር። ነጥቤ አላደረሰኝም። ሊደርሱኝ የሚችሉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ስታትስቲክስና ጂኦሎጂ። ስታትስቲክስን አስቀደምኩ፣ ደረሰኝ፣ ተመረቅኩ። አሁን ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ። ትናንት ቤተሰብ ተሰብስቦ ቡና ሲጠጣ ትንሽ ባማርር አጎቴ «ማን አስገደደህ? በገዛ እጅህ አይደል እንዴ የሞላኸው?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ግን ከንክኖኛል።

ጥያቄዬ ይኸው። ምርጫው ገና ከመነሻው ጠብቦ ከመጣ፣ መረጥክ ማለት ይቻላል ወይ? ነጻ ፈቃድ የሚባለው ነገር ስንት አማራጭ ሲኖር ነው የሚጀምረው? ሁለት? አስር? ወይስ ቁጥሩ ምንም አያገባውም?

እባካችሁ ወደ ፖለቲካ እንዳትወስዱት።


ኮድ_ፃፊ | ሰኞ ማታ 2:05

ወንድሜ፣ መቶ አማራጭ ቢኖርህም ያው ነው። ቤንጃሚን ሊቤት የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1983 (ዓመቱን እንደ ፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሰዎች ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሮድ ለጥፎ «ደስ ባላችሁ ጊዜ የእጃችሁን አንጓ አንቀሳቅሱ» አላቸው። ሰዎቹ «አሁን ላንቀሳቅስ» ብለው ከማሰባቸው የሰከንድ ሲሶ ያህል ቀድሞ አንጎላቸው ዝግጅቱን ጀምሮ ነበር። አንተ መረጥኩ የምትለው አንጎልህ ከጨረሰ በኋላ ነው። አጎትህም አንተም በሌለ ነገር ነው የተጨቃጨቃችሁት።


ዞሬ_እመጣለሁ | ሰኞ ማታ 2:11

ኮድ_ፃፊ እንዲህ እያለ ምሳ ሲያዝ ግን ሜኑ ላይ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። አውቀዋለሁ።


ስድስት_ኪሎ_ምድር_ቤት | ሰኞ ማታ 3:30

ፍልስፍና ተምሬ ሌላ ሥራ ከሚሠሩት አንዱ ነኝ፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ክር ሲከፈት ዝም ማለት አልችልም። ረዘም ይላል፣ ቻሉኝ።

መጀመሪያ የሊቤትን እንዝጋው። ሰዎቹ ምን ነበር የተጠየቁት? አንጓን አሁን ማንቀሳቀስና ከሁለት ሰከንድ በኋላ ማንቀሳቀስ ምን ልዩነት አለው? ምንም። ለማሰብ የሚያበቃ ምክንያት በሌለበት ቦታ «ሐሳብ ቀድሞ አልተገኘም» ብሎ መደነቅ ይከብደኛል። በ2012 አሮን ሹርገርና ባልደረቦቹ ያ «ዝግጅት» የተባለው ምልክት ውሳኔ ላይሆን እንደሚችል አሳዩ። አንጎል ውስጥ ሁሌም ከፍ ዝቅ የሚል እንቅስቃሴ አለ፤ እሱ ተጠራቅሞ ልኩን ሲያልፍ የሚታይ ነገር ሊሆን ይችላል። በ2019 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ሰዎችን ከሁለት በጎ አድራጎት ድርጅቶች ለየትኛው 1000 ዶላር ይሰጥ ብለው አስመረጡ። ምርጫው እንዲህ ትርጉም ሲኖረው ያ ምልክት አልታየም። ልብ በሉ፤ እዚያም የቀረበው ሁለት አማራጭ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1690 ያቀረበው አንድ ታሪክ አለ። ሰውዬው ተኝቶ ሳለ ተሸክመው አንድ ክፍል ያስገቡታል። ሲነቃ በጣም ሊያገኘው የሚናፍቀው ሰው አጠገቡ ተቀምጧል። ደስ ብሎት ጨዋታ ይይዛል። በሩ ግን ከውጭ ተቆልፏል፤ እሱ አያውቅም። ክፍሉ ውስጥ የቆየው ወዶ ነው? ሎክ አዎ ይላል። ነጻ ነው? አይደለም፤ ልውጣ ቢል አይወጣምና። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ አይደሉም ማለት ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ሃሪ ፍራንክፈርት በ1969 ከዚህም አለፈ። እንበልና አንድ ተንኮለኛ ሐኪም ጭንቅላትህ ውስጥ መሣሪያ ቀብሯል። ነገ ፍርድ ቤት ቀርበህ ትመሰክራለህ። ልትዋሽ ከፈለግክ ሐኪሙ ጣልቃ አይገባም። እውነቱን ልትናገር ካሰብክ ግን መሣሪያው ተነስቶ ያስዋሽሃል። ነጋ። አንተ በገዛ ራስህ፣ ለጥቅም ብለህ ዋሸህ። መሣሪያው ምንም አልሠራም። እንግዲህ ሌላ አማራጭ አልነበረህም፤ ከውሸት በቀር ከአፍህ ሊወጣ የሚችል ነገር አልነበረም። ታዲያ በውሸትህ አትጠየቅም? አብዛኛው ሰው ትጠየቃለህ ይላል። ምክንያቱም ውሸቱ የመጣው ካንተ ነው።

እኔም ከዚህ ወገን ነኝ። ቁጥሩ አይደለም ነገሩ። ያደረግኸው ነገር የመጣው አንተ ካመዛዘንከው ምክንያት ነው ወይስ አይደለም? ስታትስቲክስን ያስቀደምከው ለምን እንደሆነ ልትነግረን ትችላለህ? ከቻልክ መርጠሃል።


ኮድ_ፃፊ | ሰኞ ማታ 3:48

የ2019ኙን አላየሁትም ነበር፣ እሺ። የፍራንክፈርቱ ግን ማጭበርበር አለበት። መሣሪያው እውነቱን ልናገር ማሰቤን እንዴት ነው አስቀድሞ የሚያውቀው? በእርግጠኝነት የሚያሳውቀው ምልክት ካለ ውሳኔዬ ቀድሞ ተቆርጧል፤ ነጻ ነኝ ወይ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ነው ያለፍከው። እርግጠኛ ምልክት ከሌለ ደግሞ መሣሪያው ሳይነሳ «እውነቱን ልናገር» ብዬ ልወስን እችል ነበር፤ ስለዚህ ሌላ አማራጭ ነበረኝ። ከሁለት አንዱ ነው።


ስድስት_ኪሎ_ምድር_ቤት | ሰኞ ማታ 3:55

ይሄ ጥሩ ነው። ዴቪድ ዊደርከርና ሮበርት ኬን ያነሱት ተቃውሞ ይኸው ነው፤ አንተ በሩብ ሰዓት ደረስክበት። መልስ አለው፣ ለመልሱም መልስ አለው፣ እንዲህ እየተባለ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ለዛሬ ግን የሎክ ክፍል ይበቃኛል፤ እዚያ መሣሪያ የለም።


ጡረተኛ_መምህር | ማክሰኞ ጠዋት 12:40

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። ሌሊቱን ሙሉ የፈረንጅ ስም ስትቆጥሩ አደራችሁ። የራሳችን ሰው ስለዚህ ነገር ምን እንደሚያውቅ አንድ ላክልላችሁ።

መጽሐፈ ሲራክ እግዚአብሔር በሰው ፊት እሳትና ውኃ አኖረ፣ እጅህን ወደ ወደድኸው ስደድ ይላል። ሰባኪው ስለ ነጻ ፈቃድ ሲያስተምር ከዚህ ነው የሚነሳው። እስቲ ቁጠሩት። ስንት ነገር ቀረበለት? ሁለት። ሰባት ዓይነት ውኃ አልቀረበም። ሁለት ነገር ቀርቦለት ነጻ ፈቃድ ተሰጠው ተባለ፤ አባቶችም አነሰ አላሉም።

እርግጥ አንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ «መምህር፣ እሳትና ውኃ ቀርቦ ውኃ የመረጠ ሰው ምኑ ይደነቃል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። እሳቱ እሳት መስሎ አይመጣም፤ ብዙ ጊዜ ውኃ መስሎ ነው የሚመጣ። ስለዚህ የሚቸግረው የአማራጭ ማነስ ሳይሆን የቱ የቱ እንደሆነ መለየቱ ነው።

የሚገርመኝ ያው ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ይላል። ሁለቱን ባንድ አፍ።


የአንዋር_ጎረቤት | ማክሰኞ ጠዋት 2:15

ጋሼ፣ ጥሩ አነሱት። በእኛም በኩል ተመሳሳይ ነገር አለ።

ኸሊፋው ሰይዲና ዑመር ወደ ሻም (ሶርያ አካባቢ) ሲጓዙ ሰርግ የምትባል ቦታ ሲደርሱ አገሩ ወረርሽኝ እንደገባበት ሰሙ። ሰው አማክረው እንመለስ አሉ። የጦር አዛዣቸው አቡ ዑበይዳ «ከአላህ ቀደር (አላህ ከወሰነው) ሽሽት ነው?» ብለው ጠየቋቸው። ዑመር አዎ፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የምንሸሸው አሉ። ከዚያ ጠየቋቸው፤ ግመሎችህን ይዘህ አንድ ወገኑ ለምለም ሌላ ወገኑ ደረቅ የሆነ ሸለቆ ብትወርድ፣ በለምለሙ ብታሰማራ በቀደር አይደለም? በደረቁስ ብታሰማራ በቀደር አይደለም?

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሸለቆው ነው። እረኛው ሸለቆውን አልሠራውም። ለምለሙን ለምለም፣ ደረቁን ደረቅ ያደረገው እሱ አይደለም። ሦስተኛ ወገን የለውም። ግመሎቹን የት እንዳሰማራ የሚጠየቀው ግን እሱው ነው። ሰልፍ_ጠባቂ፣ ለአጎትህ ይህን ንገራቸው፤ ግማሹን ይስማማሉ።


ዞሬ_እመጣለሁ | ማክሰኞ ረፋድ 4:30

እስቲ እኔ ደግሞ ከመሬት ላውራ። ፒያሳ ጫማ ቤት ተቀጥሬ ነው ሥራ የተማርኩት፤ አሁን ስታዲየም አካባቢ የራሴን ይዣለሁ። አሠሪዬ ያስተማሩኝ የመጀመሪያ ነገር «ለደንበኛ መደርደሪያውን አታውርድለት» የሚል ነበር። አስራ አምስት ጫማ ካወረድኩለት ይለካል፣ ያገላብጣል፣ ከዚያ «ዞሬ እመጣለሁ» ይላል። ዞሮ የመጣ አላየሁም። (ስሜ ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ።) ሦስት ካሳየሁት አንዱን ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ ምርጫ ሲጠብ ነጻነት ይቀንሳል የሚለው እኔ ጋ አይሠራም። ሰው ብዙ ሲሆንበት ነው የሚታሰረው።


ሌሊት_ተረኛ | ማክሰኞ ረፋድ 4:52

ይሄማ ጥናት ሁሉ አለው። በ2000 ሺና አየንጋርና ማርክ ሌፐር አንድ ሱቅ ውስጥ ማርማላታ ቅመሱ ብለው ደረደሩ። 24 ዓይነት ሲደረደር ከቆሙት ሰዎች የገዙት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። 6 ሲደረደር 30 በመቶ። ከዚያ ወዲህ ግን ሌሎች ደጋግመው ሞክረውት በ2010 ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲደመሩ አማካይ ውጤቱ ወደ ዜሮ የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም።


ዞሬ_እመጣለሁ | ማክሰኞ ረፋድ 4:55

ጥናቱ ዜሮ ይበል እህቴ፣ የኔ መሳቢያ ዜሮ አይልም።


ከዶሮ_ማነቂያ | ማክሰኞ ረፋድ 5:10

ሦስቱን ጫማ የምትመርጠው ግን አንተ ነህ። ትርፍ ያለበትን፣ ወይ የከረመብህን። ደንበኛው ሦስት ብቻ እንዳለህ ይመስለዋል። መረጥኩ ብሎ ይወጣል። ያስመረጥከው አንተ ነህ።


ዞሬ_እመጣለሁ | ማክሰኞ ረፋድ 5:14

ነጋዴ ነኝ እኮ። «ሌላ የለህም?» ካሉኝ አወጣለሁ፤ አልደብቅም። ካልጠየቁኝ ግን የራሴን ሱቅ ላማ አልችልም።


ሌሊት_ተረኛ | ማክሰኞ ቀትር 6:40

እኔ ነርስ ነኝ፤ የት እንደምሠራ ይቅር። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

እኛ ጋ አማራጭ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል፣ ሌላ መንገድ የለም። ሆኖም ከዚያ በፊት እናስረዳለን፣ እናስፈርማለን። ሥራ ስጀምር ይሄ ወረቀት ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም ነበር። አንድ ነገር ብቻ አቅርበህ ፈርም ማለት ምን ማለት ነው? በኋላ ነው የገባኝ። የምናስፈርመው «እሺ» እና «እምቢ» ስላሉ ነው። እምቢ የሚሉም አሉ። መጀመሪያ ጸበል ልሂድ የሚል አለ። ልጄ ከገጠር ይምጣና እንየው የሚል አለ። አስረድተናቸው፣ ገብቷቸው፣ እምቢ ካሉ ይከብዳል፤ ግን የእነሱ ነው።

ተቃራኒውንም አያለሁ። ሦስት ዓይነት ሕክምና አለ፣ ሁሉም ይቻላል፣ ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ያስረዳል። የሚያስረዳው ግን ለባልየው ነው። ወይ ለታላቅ ወንድም። እሷ አልጋው ላይ ሆና ጣሪያ ታያለች። ጠጋ ብዬ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ስላት «እነሱ ያውቃሉ» ትላለች። እዚያ ሦስት አማራጭ አለ፤ መራጭ ግን የለም።

ስለዚህ እኔ ቁጥሩን አላይም። እምቢ ማለት ይቻላል ወይ? የተጠየቀውስ ማን ነው? እነዚህን ነው የምጠይቀው።


ሰልፍ_ጠባቂ | ማክሰኞ ከሰዓት 8:05

ሁላችሁንም እያነበብኩ ነው። ሌሊት_ተረኛ፣ ያልሽው እምቢታ ላይ ትንሽ ልቁም። እኔም እምቢ ማለት እችል ነበር ማለት ነው? ፎርሙን ባዶ ብመልስ ራሳቸው የፈለጉበት ይመድቡኛል። ጭራሽ አልማርም ብዬ ብወጣ ደግሞ በ12ኛ ክፍል ፈተና ያን ሁሉ አልፌ መምጣቴ ገደል ገባ። ባለፉት ዓመታት ፈተናው እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት እብደት ነው። እምቢ የማለት ዋጋው እንዲህ ከሆነ፣ እምቢታ አለ ይባላል?


ስድስት_ኪሎ_ምድር_ቤት | ማክሰኞ ከሰዓት 8:40

አርስቶትል የጠየቀው ይህንኑ ነው። መርከብ ማዕበል ይመታታል። ካፒቴኑ መርከቧ እንዳትሰምጥ ጭነቱን ባሕር ውስጥ ይጥላል። ወዶ ነው የጣለው? ዝም ብሎ ንብረቱን ባሕር የሚጥል ሰው የለም። ግን በዚያች ሰዓት እጁን ያዘዘው እሱ ነው፤ ማንም እጁን ይዞ አላስጣለውም። አርስቶትል ይህን የተቀላቀለ ድርጊት አለው፤ ሆኖም ይበልጥ የሚያደላው ወደ ፈቃድ ነው አለ።

የአንተም ይኸው ነው። ፎርሙን ስትሞላ ፈቃድህ ሠርቷል። ግን ካፒቴኑን «ጭነቱን ወደህ ነው የጣልከው፣ ስለዚህ አትዘን» አንለውም። አጎትህ ያደረገው ይህን ነው። ከ«መርጠሃል» ተነስቶ «ስለዚህ ማማረር አትችልም» ላይ ደረሰ። መሐል ያለውን ዘለለው።

አማራጭ ምንም ለውጥ አያመጣም እንዳልኩ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። አማርትያ ሴን የሚባል በ1998 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ህንዳዊ አለ። የሚጾም ሰውና የሚበላው ያጣ ሰው ሁለቱም ሆዳቸው ባዶ ነው፤ ግን አንድ ነገር እያደረጉ አይደለም ይላል። ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ጾመ የሚባለው መብላት ስለሚችል ነው። አጠገቡ ገንዘብ አጥቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየውን ማንም ጾመ አይለውም። እዚህ ላይ ሳትነካው ያለፍከው አማራጭ ያደረግኸውን ነገር ራሱን ይቀይረዋል።


ኮድ_ፃፊ | ማክሰኞ ከሰዓት 8:52

ሰኞ «ቁጥሩ አይደለም ነገሩ» አልክ፤ ማክሰኞ «አማራጩ ድርጊቱን ይቀይረዋል» አልክ። ረቡዕ ምን ልትለን ነው?


ስድስት_ኪሎ_ምድር_ቤት | ማክሰኞ ከሰዓት 9:03

ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። አስራ አምስት ጫማ ወደ ሦስት ቢወርድ የገዢው ፈቃድ አይነካም። «መብላት» የሚባለው ከፊትህ ቢነሳ ግን «መጾም» የሚባለውም አብሮ ይነሳል። ስንት ቀረ ሳይሆን የትኛው ተነሳ ነው የሚጠየቀው።


ከዶሮ_ማነቂያ | ማክሰኞ ማታ 1:30

ቀን ለጫማው ብቻ መልሼ ሄድኩ፤ አሁን የራሴን ልጻፍ።

እኛ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነበርን። እናቴ እዚያው ወልዳ እዚያው አሳደገችን። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲነሳ ምትክ ቤት ላይ ሁለት ነገር ቀረበልን፤ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ ቦታ የቀበሌ ቤት። ጊዜው አጭር ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ክፍያ አለው። የቀበሌው ኪራይ ቀላል ነው፤ ግን ግቢው ስንት ሰው እንዳለበት፣ ሽንት ቤቱ እንዴት እንደሆነ አይታወቅም። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ፎቅ ቢደርሰንስ? የእኔ ሥራ እዚህ መሐል ከተማ ነው፤ ጠዋት ስንት ታክሲ እይዛለሁ? የእህቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ፈተናው ሳይደርስ ትምህርት ቤት ይቀይር? እቁቡስ? ዕድሩስ? እድሜዋን ሙሉ የከፈለችበት ዕድር ነው።

በሕይወቴ እንደዚያን ሰሞን አስቤ አላውቅም። ወረቀት አምጥቼ በሁለት ከፍዬ ጻፍኩ። ከእናቴ ጋር ተጨቃጨቅን፣ ታረቅን፣ እንደገና ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ኮንዶሚኒየሙን አልን።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓይነት ሰው ያናድደኛል። አንደኛው «ምስኪን፣ ምን ምርጫ ነበራችሁ» የሚለኝ። ነበረኝ እንጂ! ያን ሁሉ ያመዛዘንኩት እኔ አይደለሁም? ያ ሐሳብ የማን ነበር? ፎቁ ላይ ልብስ ሳሰጣ ይሄ የኔ ውሳኔ ነው እላለሁ፤ ደህናም ነው። ሁለተኛው «በፊርማሽ አይደል የወጣሽው» የሚለኝ። እኔ የፈረምኩት ወዴት እንደምሄድ ነው። ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ስድስት_ኪሎ፣ የሎክ ክፍል ያልከው ሰውዬ በሩን ሳይሞክር ነው የቀረው። እኔ መቆለፉን እያወቅኩ ነው ወንበሩን የመረጥኩት። እሱ ላይ ምን ይላሉ?


ጡረተኛ_መምህር | ማክሰኞ ማታ 2:10

የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥሽ። ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እኔም የዚያ ሰፈር ልጆች አስተምሬ ነበር።


ስድስት_ኪሎ_ምድር_ቤት | ማክሰኞ ማታ 2:45

እህቴ፣ እኔ ልጨምርበት የምችለው ትንሽ ነው። አንቺ ሁለት ጥያቄ ለየሽ፤ «የት ልሂድ» የሚለውንና «ልሂድ ወይስ ልቅር» የሚለውን። ለመጀመሪያው ነጻ ነበርሽ፣ ኃላፊነቱንም ወስደሻል። ሁለተኛው አልቀረበልሽም፤ ስለዚህ በሁለተኛው ማንም አንቺን ሊጠይቅሽ አይችልም።

ፈላስፋው ኢሳያ በርሊን በ1958 ነጻነት ላይ ባቀረበው ታዋቂ ንግግር አንድ መለያ ያስቀምጣል። ከፍ ብዬ መዝለል ቢያቅተኝ፣ ነጻነቴን ተነጠቅኩ አልልም። ሰው ሆን ብሎ ሲከለክለኝ ግን እላለሁ። እኔ እንደሚመስለኝ አማራጩን ያጠበበው ማን ነው የሚለው ፈቃድን አይነካም፤ ቅሬታን ግን ይነካል። ወንዝ ሞልቶ መንገድ ቢዘጋ ወንዙን አንከስም።


የአንዋር_ጎረቤት | ማክሰኞ ማታ 2:58

ድልድይ መሥራት የነበረበት ሰው ካለስ? ወንዝ ነው ብለን የምናልፈው ብዙ ነገር ሰው ያልሠራው ድልድይ ነው። የሰልፍ_ጠባቂ ነጥብ ወንዝ ነው ወይስ ድልድይ? የኮምፒውተር ሳይንስ ቦታው ለምን ያን ያህል ብቻ ሆነ?


ስድስት_ኪሎ_ምድር_ቤት | ማክሰኞ ማታ 3:02

ለዚህ መልስ የለኝም። በርሊንም የተጨቃጨቀበት እዚህ ላይ ነው።


ጠበቃ_ብጤ | ረቡዕ ጠዋት 3:20

ልደታ ፍርድ ቤት ተራ እየጠበቅኩ ሁሉንም አነበብኩት። ፈላስፎቹ ያልጨረሱትን ሕግ መጨረስ ግዴታው ነው፤ ዳኛ «እስቲ እናስብበት» ብሎ መዝገብ ዘግቶ አይሄድም። (ቀጠሮ ይሰጣል እንጂ።)

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን (ይህኛው ዓመት እንደኛ ነው) አማራጭ ጠበበ ብቻ ብሎ ውል አያፈርስም። አንቀጽ 1706 ስለ መገደድ ነው። በሕይወት፣ በአካል፣ በክብር ወይም በንብረት ላይ ከባድና የቀረበ አደጋ እንዳለ አስፈራርተው ካስፈረሙህ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ቢላ ከተመዘዘብህ በኋላ «እምቢ ማለት ትችል ነበር» አይባልም። አንቀጽ 1710 ደግሞ ከዚህ ክር ጋር በጣም ይሄዳል። ውሉ ለአንዱ ወገን በጣም ያደላ ነው ተብሎ ብቻ አይፈርስም ይልና፣ ቀጥሎ አንዱ የሌላውን ችግር፣ የዋህነት፣ እርጅና ወይም የንግድ ልምድ ማጣት ተጠቅሞ ካስፈረመው ፍትሕ ሲጠይቅ ሊፈርስ ይችላል ይላል።

ምን እንዳደረገ አያችሁ? «ችግር ላይ ነበርኩ» አይበቃም። ችግሬን ያየና የተጠቀመበት ሰው መኖር አለበት። ስለዚህ ስድስት_ኪሎ «ማን አጠበበው» ያልከውን ሕጉ ትንሽ ያዞረዋል። ችግሩን አንተ ባትፈጥረውም ተጠቅመህበት ከሆነ ያንተ ጉዳይ ነው ይላል።

ወንጀልም ላይ እንዲሁ ደረጃ አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ጨርሶ ሊቋቋሙት የማይቻል ኃይል ያስገደደውን ሰውና ሊቋቋመው ይችል የነበረውን ይለያል። የመጀመሪያው አይቀጣም። ሁለተኛው ይጠየቃል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ነጻ ወይም ነጻ ያልሆነ ተብሎ ለሁለት አልተቆረጠም። መሐሉ ሰፊ ነው።


ኮድ_ፃፊ | ረቡዕ ጠዋት 3:41

ሕጉ ነጻ ፈቃድ አለ ብሎ አላረጋገጠም ግን። እንዳለ አድርጎ ነው የሚሠራው።


ጠበቃ_ብጤ | ረቡዕ ጠዋት 3:44

እንዴ፣ ችሎት ላይ «ደንበኛዬን አንጎሉ ቀድሞት ነው» ብዬ ልከራከር?


ዞሬ_እመጣለሁ | ረቡዕ ጠዋት 4:05

ጠበቃው፣ ጫማውን እንተወውና አንድ እውነተኛ ጥያቄ ልጠይቅህ። ጎረቤቴ የነበረች ሴት ባሏ ታሞባት በችኮላ የሱቋን ዕቃ በሙሉ ለአንድ ሰውዬ በግማሽ ዋጋ ጠቅልላ ሸጠችለት። ሰውዬው መቸገሯን አውቆ ነው የመጣው፤ ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ነው ያስፈረማት። አሁን ባሏ ድኗል። 1710 ያልከው ለእሷ ይሆናል?


ጠበቃ_ብጤ | ረቡዕ ጠዋት 4:18

ወረቀቱን ሳላይ ይሆናል አይሆንም አልልም። የሚታየው ሦስት ነገር ነው፤ ዋጋው ምን ያህል ወረደ፣ መቸገሯን ሰውዬው ማወቁን የሚመሰክር ሰው አለ ወይ፣ መቼ ተፈረመ። የመጨረሻውን ቶሎ ጠይቃት። እንዲህ ያለ ክስ የሚቀርበው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ካለፈ በር ተዘጋ። ሆስፒታል ውስጥ ሲፈረም አጠገቧ የነበረ ሰው ካለ ስሙን እዚህ አትጻፍ፤ በውስጥ መስመር አናግረኝ።